ነገ በምንለቀው ቤት ምሰሶ ማቆም



ሰው ነገ ትቶት በሚሄደው ቤት ውስጥ የበሰበሰ ምሰሶ ቢያገኝ፥ ምሰሶውን የመለወጥ ግዴታ አለበትን? ወይስ ቤቱ የእርሱ አይደለምና ነገሩን ለባለቤቱ ትቶ በሰላም ቢተኛ የማይወቀስ ነውን? ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ የአናጢ ጉዳይ እንጂ የሕሊና ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን እኛ በአንድ ወቅት በዚህ ጥያቄ ፊት ቆመን የሰጠነው ምክር ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የሆነውን እንዳለ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደናል።

ነገሩ የሆነው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፥ ካላክላ በተባለው ሰፈር ነው። ካላክላ ከከተማው በስተ ደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፥ ወደ ጀበል አውሊያ ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው፤ ካላክላ ላፋ የሚባለው ገበያውም የታወቀ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎች በካርቱም ሰፈሮች በኪራይ ይኖሩ ነበር፤ እናቶችና እኅቶች ሻይና ቡና እያፈሉ ይሸጡ ነበር፥ ወንዶቹም በቀን ሥራና በእጅ ሙያ ያድሩ ነበር። አብዛኛው ሰው «የምቆየው ዘንድሮን ብቻ ነው» እያለ ዓመታትን ያሳልፋል። ከአልጋው ሥር የታሰረ ሻንጣ አለ፤ ልቡም እንደዚያው ሻንጣ ታስሮ ይቀመጣል።

በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. በዚያ ያሉትን ወገኖች ለመጐብኘት በሄድን ጊዜ፥ ያረፍነው ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በተከራዩት አንድ የጭቃ ቤት ነበር። በካርቱም ዙሪያ ጥንት የተለመደው ቤት ከእኛ ደጋ ቤት ብዙም የራቀ አይደለም። ግድግዳው ጃሉስ ከሚሉት በእጅ እየተደራረበ ከሚቆም ጭቃ ይሠራል። በግድግዳውና በግድግዳው መካከል ሚሪግ የሚሉት ወፍራም ግንድ ይጋደማል፤ በግንዱ ላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይረበረባሉ፥ በእነርሱም ላይ ሰሌን ይነጠፋል፥ ከሁሉ በላይ ጭቃ ይለሰናል። ክፍሉ ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ ግንዱ እንዳይጐብጥ ከሥሩ ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት ይቆምለታል፤ እነርሱ ሽዕባ ይሉታል፥ እኛ ባላ የምንለው ነው። ክረምት ሳይገባም ጣራውንና ግድግዳውን ከእበት ጋር በተቦካ ጭቃ ይመርጉታል። እንግዲህ በደጋ ሣር ቤት ያደገ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ፥ የምሰሶው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

አንባቢ የዚያን እንጨት ሸክም ያስብልን። አራት ሜትር በአምስት ሜትር በሆነ ክፍል ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ ቢለሰን፥ የደረቀው ጭቃ ብቻ ከ30 ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። ግድግዳዎቹ ድርሻቸውን ቢይዙም፥ በመካከል የቆመው እንጨት ከሸክሙ ሩቡን ያህል ብቻውን ይሸከማል። ይህ ማለት በአንድ እንጨት ራስ ላይ ስምንት ኩንታል ያህል ቀንና ሌሊት ተቀምጦበታል ማለት ነው። የቤቱ ሰዎች በሥሩ ይበላሉ፥ ይጸልያሉ፥ ይተኛሉ፤ እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሸክሙን አያወርድም።

የቤቱ እመቤት እንግዳ ይመጣል ብላ ግድግዳውንም ምሰሶውንም ኖራ ቀብታ ነበር። እኛም ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ነጭ ምሰሶ ተደግፈን ቡና ጠጣን። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጅ በምሰሶው ግርጌ ሲጫወት፥ ጣቱን ወደ እንጨቱ ሰደደና በእጁ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ወደ አባቱ መጣ። አባትዬው ወስፌ አንሥቶ ቢወጋው፥ ወስፌው እስከ እጀታው ድረስ ሰጠመ። ምስጥ ከመሬት ገብቶ የውስጡን ሥጋ በልቶ፥ ቅርፊቱን ከነኖራው ትቶት ኖሯል። ያገራችን ሰው ላዩ አምሮ ውስጡ የተበላሸውን ነገር «ውስጡን ለቄስ» ይላል፤ በዚያ ቤት ግን ቄሱም ተደግፎት ሳለ አላየውም።

ስለ ምን በሰበሰ? እንጨት በዕድሜ ብዛት ብቻ አይሞትም፤ የሚገድለው እርጥበት ነው። በላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከእንጨትና ከድንጋይ ተሰናስሎ የተሠራ ነው፤ ዋሻው ከዝናብ ስለ ከለለው ከስምንት መቶ ዓመት በኋላም እንጨቱ ቆሞ ይታያል። በሌላ በኩል በኢጣልያ የቬኒስ ከተማ ሕንፃዎች በውኃና በጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ካስማዎች ላይ ቆመው መቶ ዓመታትን አሳልፈዋል፤ በዚያ ደግሞ አየር ስለማይደርስ የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሊኖር አልቻለም። ሁልጊዜ የደረቀ እንጨት ይኖራል፥ ሁልጊዜ በውኃ ሥር የተቀበረውም ብዙ ይቆያል። የሚጠፋው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ፥ ማለት በመሬቱ ወለል ላይ ያለው ግርጌ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ ምሰሶን የሚመረምር ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ግርጌው ይመልከት።

በካርቱም ዝናብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በመጣ ጊዜ ያስፈራል። በሐምሌ መጨረሻ 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1988) በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ፥ ማለት ከአንድ ዓመት ዝናብ የሚበልጥ፥ በከተማው ላይ ወርዶ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶችን አፍርሶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የዓባይ ሙላት ከቀድሞው ሁሉ አልፎ፥ በሱዳን በጠቅላላው ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጐዱ፤ መንግሥትም በነሐሴ መጨረሻ ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ። በዚያው ክረምት በዚህ ቤት ግቢ ውስጥ የዝናቡ ውኃ ብዙ ቀን ተኝቶ ወደ ወለሉ ገብቶ ነበር። ውኃው ደረቀ፥ ወለሉ ተጠረገ፥ ምሰሶው ኖራ ተቀባ፤ ጥፋቱ ግን በግርጌው ቀረ።

የምሰሶው ነገር በተገለጠ ጊዜ በዚያው ምሽት የጐረቤት ወገኖች ተሰብስበው ምክር ሆነ። አንዱ ወንድም፥ «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ምሰሶ መለወጥ የባለቤቲቱ ዕዳ ነው፤ የሰውን ዕዳ ስለ ምን እንሸከማለን?» አለ። ሁለተኛው፥ «ያጠራቀማችሁት ጥቂት ገንዘብ በአገር ቤት ለምትጠብቃችሁ እናት ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ፥ ለሰው ቤት ወጪ ማድረግ የራስን ቤት ማራቆት ነው» አለ። ሦስተኛውም፥ «እኛ ነገ ሂያጆች ነን፤ በዚህ አገር ምሰሶ የሚተክል ሰው ልቡን አብሮ ይተክላል፤ መሄዱንም ይረሳል» አለ። ሦስቱም የተናገሩት ከክፋት አልነበረም። የመጀመሪያው ስለ ፍትሕ፥ ሁለተኛው ስለ ቤተ ሰብ፥ ሦስተኛውም ስለ አገሩ ናፍቆት ተናግሯል።

በመጨረሻም ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛም፥ «ለባለቤቲቱ ንገሯትና ታሠራው፤ እስከዚያው ድረስ ግን አልጋችሁን ከምሰሶው አርቁ» ብለን መከርን። ምክሩ የሰላም ምክር መሰለን፤ ማንንም አላስቀየመም፥ ማንንም አላስወጣም።

የቤቱ እመቤት ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «ቄስ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልጋውን ብናርቅ ጣራው ከእኛ ይርቃልን? ደግሞስ እኛ ዐወቅን፤ ነገ ብንለቅ ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰው የሚያየው እኔ የቀባሁትን ኖራ ብቻ ነው» አለች።

ለዚህ ቃል መልስ አጣን። በእርሷ ንግግር ውስጥ ሦስቱ ወንድሞችም እኛም ያላየነው ነገር ነበረና። እኛ ሁላችን የጠየቅነው «ቤቱ የማን ነው?» ብለን ነበር። እርሷ ግን «ጣራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተመሳስለው ይታያሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በውል ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ግን ውል አይመልሰውም። ጣራ ሲወድቅ ባለቤትና ተከራይ፥ አገሬና መጻተኛ ብሎ አይለይም።

በማግሥቱ ጠዋት ባልና ሚስቱ ወደ ባለቤቲቱ ሄዱ። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ ባል የሞተባቸው ሱዳናዊት ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሐጃ» እያለ ያከብራቸዋል፤ በዚያው ግቢ በሌላው ክፍል ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ወስፌው በእንጨቱ ውስጥ ሲሰጥም በዐይናቸው ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ ነገር ግን በእጃቸው ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ፤ የእንጨቱና የዕቃው ዋጋ በየወሩ ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል፥ የጉልበቱን ግን ተከራዮቹ በነጻ ይሠራሉ። እንግዲህ የባለቤቲቱ ዕዳ የባለቤቲቱ ሆኖ ቀረ፤ ፍቅርም የራሷን ድርሻ በላዩ ጨመረች። የመጀመሪያው ወንድም ስለ ፍትሕ የተናገረው ቃል እንዲህ ሲሆን አልወደቀም፤ ቦታውን አገኘ እንጂ።

ሥራው በሰኔ መጀመሪያ፥ ዝናቡ ሳይመጣ ተጀመረ። አንባብያን በቤታቸው ይጠቅማቸዋልና፥ እንዴት እንደ ተሠራ በዝርዝር እንጻፈው።

አስቀድመው አሮጌውን ምሰሶ አልነኩትም። በግራና በቀኙ፥ ክንድ ያህል ርቀው ሁለት ጠንካራ ባላዎች አቆሙ። ባላዎቹንም በባዶ መሬት ላይ አላሳረፏቸውም፤ መሬቱ እንዳይሰምጥ ከሥራቸው ሰፊ ሳንቃ አነጠፉ። ከዚያም ከአንድ ሹፌር የተዋሱትን የመኪና ክሪክ ከአንዱ ባላ ሥር አግብተው ቀስ እያሉ አዞሩት። አናጢው ወንድማችን፥ «ግንዱን ልናቀና አይደለም፤ አሮጌው ምሰሶ ሸክሙን እስኪለቅ ድረስ ብቻ ነው» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ብዙ ዓመት የጐበጠውን ጣራ በአንድ ቀን አቀናለሁ የሚል ሰው ግድግዳውን ይሰነጥቃልና። የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት በታየ ጊዜ ክሪኩ ቆመ፤ ባላዎቹም በሽብልቅ ተጣበቁ።

ያን ጊዜ አሮጌው ምሰሶ ተነሣ። ሲያነሡት ሁለት ሰው ይሸከመዋል ተብሎ ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አነሣው። ይህን ባየን ጊዜ በቤቱ የነበርን ሁሉ ዝም አልን።

ግርጌው የነበረበት ጉድጓድ ተቈፍሮ ምስጥ የኖረበት አፈር ወጣ። በቦታውም ድንጋይ በሲሚንቶ ተገንብቶ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል ተደረገ፤ አዲሱ ምሰሶ ከእንግዲህ ወዲያ መሬት እንዳይነካ ነው። በድንጋዩ ራስ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ተደረገ፤ የምሰሶውም ግርጌ ሬንጅ ተቀባ። አዲሱ ምሰሶ በዓባይ ዳር ከሚበቅለው ሱንት ከሚባል የግራር ዘር የተቈረጠ ነበር፤ ሱዳኖች የዓባይን ጀልባዎችና የባቡር ሐዲድ ጋድሞችን የሚሠሩበት ጽኑ እንጨት ነው። ምሰሶው ከገባ በኋላ በሥሩ ከሁለት ወገን ሽብልቅ እየተመታ እስከ ግንዱ ተጣበቀ፤ ክሪኩም በጥቂት በጥቂቱ ወረደ። ባላዎቹ ግን በዚያው ቀን አልተነሡም፤ አዲሱ ሸክሙን እስኪለምድ ሳምንት ቆዩ። በመጨረሻም በግቢው ውስጥ ውኃ የሚተኛበት ጐድጓዳ ቦታ ተሞልቶ፥ ወደ መንገዱ የሚያወጣ ቦይ ተቀደደ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ባይሠራ ኖሮ የፊተኛው ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር፤ ውኃውን ሳያርቅ ምሰሶውን ብቻ የሚለውጥ ሰው ለምስጥ አዲስ ምግብ ያቀርባልና።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለሁላችን የሚሆን ትምህርት አለ። አሮጌው መበስበሱ እውነት ነው፤ ሆኖም በስብሷል ብሎ በቁጣ የሚነቅለው ሰው ቤቱን በልጆቹ ላይ ያፈርሳል። ሸክሙን የሚይዝ ሌላ ነገር ሳያቆም ማንም ምሰሶ ሊነቅል አይገባውም። ይህ በቤትም፥ በማኅበርም፥ በአገርም እውነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ክረምት ጐርፍ እንደ ገና በሱዳን ብዙ አውራጃዎች ጉዳት አደረሰ፤ ያ ቤት ግን ቆመ። ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በቅዳሜ ቀን፥ በአገራችን አቈጣጠር በትንሣኤ ዋዜማ፥ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በካርቱም ተነሣ። ለበዓል ዱቄት ያቦካች እናት ሊጧን እንደ ተቦካ ትታ ሸሸች። ጦርነቱም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀለ። ወዳጆቻችንም ጥቂት ሳምንት ተጨንቀው ከቈዩ በኋላ በገዳሪፍና በገላባት በኩል አድርገው መተማ ገቡ። ከአልጋው ሥር ታስሮ የነበረው ሻንጣ በመጨረሻ ተነሣ።

ባልየውን በጎንደር ባገኘነው ጊዜ፥ «ያ ሁሉ ድካም ለአሥር ወር ብቻ ሆነ» አለን። ሦስተኛው ወንድም በምክሩ ዕለት የተናገረው ሁሉ ተፈጸመ፤ በእርግጥም ነገ ሂያጆች ነበሩ። እንግዲህ ያ ሥራ ጠፋ እንበልን?

እኛ አልጠፋም እንላለን፤ ምክንያታችንንም እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የምሰሶ ሥራ በመጨረሻው ቀን አይመዘንም። አንዳንድ ሥራ አለ፥ ካልተፈጸመ የማይጠቅም፤ ለምሳሌ ወንዝ አጋማሽ ላይ የቀረ ድልድይ ለማንም አይሆንም። ምሰሶ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ በየዕለቱ ይጠቅማል፥ የዕለቱም ጥቅም በዕለቱ የተሟላ ነው። በእነዚያ አሥር ወራት ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሌሊት አምስት ነፍሳት በዚያ ጣራ ሥር ተኝተው በደኅና ነቅተዋል። ያለፈውን ሌሊት ደኅንነት ጦርነት ሊወስደው አይችልም።

ሁለተኛ፤ ዕዳው የሚነሣው ከዕውቀት ነው እንጂ ከቈይታ አይደለም። ወስፌው ከመስጠሙ በፊት በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ንጹሕ ነበር። ከሰጠመ በኋላ ግን፥ ለአንድ ዓመት የሚቆየውም፥ ለአንድ ሌሊት ያደርነው እኛም፥ ሁላችን ባለ ዕዳዎች ሆንን። በኦሪት ዘዳግም በተጻፈው ሕግ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሕጉ የሚያስበው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን፥ ስሙ ለማይታወቀው፥ በዚያ ጣራ ላይ ለሚወጣው ሰው ሁሉ ነው። ሉተርም በ1529 በታተመው በትንሹ ካቴኪዝም ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር፥ የባልንጀራን ገንዘብ አለመንካት ብቻውን እንደማይበቃ፥ ንብረቱ እንዲጠበቅም ማገዝ እንደሚገባ አሳስቧል። እጃችንን ከሰው ንብረት መሰብሰብ ግማሹ ጽድቅ ነው፤ ሌላው ግማሽ እጅን መዘርጋት ነው።

ሦስተኛ፤ ነገ መሄድ የዛሬን ሥራ አይሽርም። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ደብዳቤ ሲጽፍ፥ መመለሻቸውን አልካደባቸውም፤ ነገር ግን በምርኮ ሳሉ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፥ የሚኖሩበትንም ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ መከራቸው። ሰው አገሩን የሚያስታውሰው በባዕድ አገር ሥራ በመፍታት አይደለም። እንዲያውም በሰው ቤት ምሰሶ ማቆምን የለመደ እጅ፥ ወደ ራሱ ቤት ሲመለስ ሙያውን ይዞ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ይህን ብለን በድኻ ተከራይ ላይ ቀንበር ልንጭን አንወድም። ባለ ርስት ግዴታውን በተከራዩ ላይ ጥሎ «ፍቅር አሳይ» ቢል፥ ይህ ፍቅር ሳይሆን ግፍ ነው። ደግሞም በቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ምሰሶ አይደለም። ተከራይ የባለቤቱን በር ለማሳመር፥ ግቢውን ለማስጌጥ ዕዳ የለበትም። ዕዳው የሚጀምረው ሰው በሥሩ በሚተኛበት፥ ሸክም በሚይዘው ነገር ላይ ነው። ይህም ደረጃ አለው፤ ያየ ይናገር፤ ተናግሮ ያልተሰማ ቢያንስ ባላ ያስደግፍ፤ የሚቻለው ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ይለውጥ፤ ሁሉም ያልተቻለው ለሚመጣው ሰው እውነቱን ነግሮ ይውጣ። ከሁሉ የከፋው ኖራ ቀብቶ መሄድ ነው፤ ይህ በውል ያልተከለከለ ሐሰት ነውና።

ስለዚያ ቤት አንድ ነገር ልንጨምር ይገባናል። ወዳጆቻችን ከወጡ ከጥቂት ወር በኋላ ሐጃ ስልክ ደውለውላቸው ነበር። የእርሳቸው ክፍል በተኩስ ተጐድቶ፥ እርሳቸው ከልጅ ልጆቻቸውና ከሌላ ሰፈር ከሸሹ ዘመዶቻቸው ጋር በዚያ በምሰሶው ቤት ተጠግተው እንደሚያድሩ ነገሯቸው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላም ባልየው፥ «ሐጃ በሕይወት አሉ» የሚል ወሬ ሰምቶ እጅግ ደስ አለው። ይህን ወሬ ባንሰማም ኖሮ ፍርዳችን አይለወጥም ነበር። መልካም ሥራ መልካም የሚሆነው ፍሬው በስልክ ስለ ተነገረን አይደለም፤ ቤቱ በማግሥቱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ቢሆን እንኳ፥ ያቺ እናት የተናገረችው ቃል እውነት ሆኖ በቆመ ነበር። ሆኖም ይህን በመስማታችን እንደ ተጽናናን አንሸሽግም፤ እናንተም እንድትጽናኑ ጻፍነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ ከእኛ መካከል ብዙው በቤቱ የሚቆየው ጥቂት ዘመን ነው። በአዲስ አበባ በኪራይ የሚኖር አለ፤ ለአራት ዓመት የማኅበር ሹመት የተቀበለ አለ፤ ከአባቱ የወረሰውን ቤት ለልጁ የሚያወርስ አለ። እኛም አገልጋዮች ከአንዱ ምእመናን ወደ ሌላው እንዛወራለን፤ «ቀጥሎ የሚመጣው ያየዋል» እያልን ስንት የበሰበሰ ነገር ኖራ ቀብተን አልፈናል። በካላክላ የሰጠነውን ምክር ባስታወስን ቁጥር እናፍራለን፤ ሐፍረቱም ጠቅሞናል። ወደ አገራችን በተመለስን ሳምንት የጸሎት ቤታችንን ምሰሶዎች በወስፌ መረመርናቸው። የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ናቸው፤ ባሕር ዛፍም በመሬት ውስጥ እንደ ጽድና እንደ ወይራ አይቆይም። ከስምንቱ በሁለቱ ውስጥ ወስፌው ሰጠመ። በዚያው በጋ ወጣቶቹ በደቦ ተሰብስበው፥ ባላ አስደግፈው፥ ድንጋይ ገንብተው ለወጧቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት መብራት ይዞ ጐንበስ ይበል፤ የቤቱን ምሰሶ ግርጌ በወስፌ ነካ ነካ አድርጎ ይመልከተው፤ ያገኘውንም ለቤቱ ሰዎች ይንገራቸው።